ጣፊያዬ ስምንት ጣት በነበረ ጊዜ

መጀመሪያ የተሰማኝ ብርድ ነው። ታኅሣሥ ላይ፣ ገዳሪፍ ሜዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ማሽላ እየቆረጥኩ በረደኝ። እኔው ራሴ ሳቅሁ። ያ አገር እንኳን ሰው፣ እንሽላሊት የማይበርደው አገር ነው። ሙላትን ጠራሁትና «ና እስቲ፣ ለእኔ ብቻ ክረምት ገብቶልኛል» አልኩት። ሙላት የአገሬ ልጅ ነው። ሁለታችንም የሽንፋ ልጆች ነን፣ በየዓመቱ ለሰሊጡ ሥራ አብረን ነው ሱዳን የምንሻገረው። መዳፉን ግንባሬ ላይ አሳረፈና ወዲያው አነሳው።

«አንተ ጌጡ፣ እሳት ሆነሃል እኮ!»

«እሳትማ ድሮም ነበርኩ» አልኩት።

በዚህ ቀልድ ሁለት ሳምንት ገፋሁ። ማታ ማታ ትኩሳት፣ ጧት ላብ፣ ቀን ደህና። ወባ ናት አልኩ። ወባን አውቃታለሁ፣ ስንቴ ጥያት ተነስቻለሁ። ክኒን ከዶካ ከተማ አስመጥቼ ዋጥኩ። ሦስት ቀን ተሻለኝ። በአራተኛው ተመለሰች። ሌላ ክኒን ዋጥኩ። ተመለሰች።

ይሄን የምጽፈው አሁን እንደዚያ ሆኖ ለተኛ ሰው ነው፣ ወይ አጠገቡ ተቀምጦ ለሚያስታምመው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ዶክተር አይደለሁም። ግን በሽታውን ዶክተሮቹ ከውጭ ነው ያዩት፣ እኔ ከውስጥ። በዚህ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ከየት እንዳመጣሁትም ልናገር፣ ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ። መስከረም ላይ፣ ሰሊጡ ሳይደርስ፣ የጤና ሰዎች ካምቧችን ድረስ መጥተው ለእያንዳንዳችን አጎበር ሰጡን። ሙላት የእሱን አራት እንጨት ተክሎ ወጠረው። እኔ የእኔን ይዤ ወደ ኩሬ ወረድኩና አምባዛ አጠመድኩበት። ሦስት አምባዛ! አንዱ ክንዴን ያክላል። ያን ቀን ካምቦው በሙሉ በእኔ አጎበር ነው ዓሣ የበላው፣ እስከ ዛሬም ያወሩታል። አጎበሩ ግን ተቀዶ ቀረ።

መኝታዬ ደግሞ ኩይሳ ላይ ነበር። ዋልካው መሬት ዝናቡ ሲያቆም እግር የሚውጥ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ ዳሱ ይሞቃል፣ ጊንጥም አለ። ከካምቦው ጀርባ፣ ከግራሮቹ ሥር፣ ምስጥ የሠራው ትልቅ ኩይሳ አገኘሁ። አናቱን በመጥረቢያ ደልድዬ ምንጣፌን ዘረጋሁበት። ከፍ ይላል፣ ነፋስ ያገኛል። «የኩይሳው ንጉሥ» አሰኘሁ። በአጨዳ የሚቀድመኝ ስላልነበረ ንግሥናው ይገባኝ ነበር። መሸትሸት ሲል ከላይ ሆኜ ሙላት ላይ እጀምራለሁ።

«ሙሽሪት! ዛሬም ከመጋረጃሽ አልወጣሽም? ሚዜዎችሽ የት ሄዱ?»

ሰው ይንከተከታል። ሙላት ከአጎበሩ ውስጥ «ዝም ብለህ ተኛ ጃንሆይ» ይለኛል።

ተኛሁ። አንድ ወር ተኩል እዚያ ላይ ተኛሁ።

ጥር ሲገባ ቀበቶዬን በሚስማር ሁለት ጊዜ በሳሁት። ሰውነቴ ሲያልቅ ሆዴ ብቻ አበጠ። በግራ በኩል፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ ድንጋይ የመሰለ ነገር ወጣ። ሁለት ጉርሻ ስበላ ጠገብኩ እላለሁ። ከዚያ አፍንጫዬ ይደማ ጀመር። ማንም ሳይመታኝ። ዝም ብሎ።

የካምቦው ሰዎች «ጣፊያ ነው፣ ይተኮስ» አሉ። ሙላት «ሙስተሽፋ እንውሰደው፣ ሐኪም ይየው» አለ። እኔ መተኮሱን መረጥኩ። ሐኪም ቤት መሄድ የበሽተኛ ነው፣ መተኮስ ግን የወንድ ነው ብዬ። ማጭድ አጋሉ። ሦስት ቦታ ተኮሱኝ። አልጮህኩም። በዚያ በሽታ ውስጥ በጉልበቴ የሠራሁት የመጨረሻ ሥራ አለመጮህ ነው፣ እሱም ምንም አልጠቀመኝ። ጣፊያው እዚያው ነበር። ቁስል ተጨመረበት።

በሦስተኛው ቀን ውሃ ልጠጣ ተነሳሁ። እግሬ እምቢ አለ። ወደቅሁ። ተነሳሁ። ወደቅሁ። ሙላት መጣ። አዘለኝ።

በትራክተር ተሳቢ እስከ ዋናው መንገድ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ገዳሪፍ ገባን። መንገዱን አላስታውሰውም። የማስታውሰው የሙላትን ትከሻ ሽታ ነው፣ ሰሊጥና ላብ። አንዴ ብቻ አፉን ከፈተ። «ሙሽሪት ተሸክማህ ስትሄድ ምን ይሰማሃል?» አለኝ። ለቀልድ መልስ ያጣሁት ያን ቀን ነው።

ሆስፒታሉ በሰው ተጨናንቋል። ከሱዳኑ ጦርነት የሸሸው ሁሉ ወደዚያ አካባቢ መጥቷል። ያየችኝ ዶክተር ወጣት ሱዳናዊት ነች። ዐረቢ እንደ ውሃ ስለምችል አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ሆዴን በእጇ ተጭና በጣት ለካች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ስምንት። ጣፊያዬ ያቆመበት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ መስመር አሰመረች። ሦስቱን የማጭድ ጠባሳ አይታ አንገቷን ነቀነቀች እንጂ አልተቆጣችኝም። ከጣቴ ደም ጠብ አድርጋ አንዲት ቀጭን ወረቀት ላይ አደረገች። ሁለት መስመር ወጣ።

«ካላዛር ነው» አለች።

«ይገድላል?»

«ካልታከመ ይገድላል። አንተ ልትታከም ነው።»

በሽታውን የምታመጣው የአሸዋ ዝንብ የሚሏት ተባይ ናት። የሰሊጥ ፍሬ ብታክል ነው፣ ስትበር ድምፅ የላትም። ከመሸ እስኪነጋ ትነክሳለች። ቀን ቀን የት እንደምትውል ዶክተሯ ስትነግረኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። በዋልካ ስንጥቅ ውስጥ። በግራር ሥር። በምስጥ ኩይሳ ውስጥ። እኔ ንጉሥ የሆንኩት በእሷ ጣሪያ ላይ ነው።

ሌላም ደም ወሰዱ፣ ኤች አይ ቪ አብሮ ካለ ሕክምናው ይለያል ብለው። የለብኝም። በየቀኑ ሁለት መርፌ ለአሥራ ሰባት ቀን ታዘዘልኝ፤ አንዱ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት፣ አንዱ ፓሮሞማይሲን። ስማቸውን የያዝኩት መቀመጫዬ ስለሚያስታውሰኝ ነው። ሙላት አራት ቀን አስታመመኝና ወደ አገር ቤት የሚሄድ መኪና ሲገኝ ተሳፈረ፣ እናቱ ብቻቸውን ናቸው። እኔ በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰውነት አልነበረኝም።

አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ ኑሩ ተኝቷል። የእኔ እኩያ ነው፣ ከመፋዛ የመጣ፣ እዚያው ሱዳን የተወለደ የአገራችን ልጅ። የሚያስታምሙት ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ሰይድ ናቸው፣ ጥንት በድርቁ ጊዜ በእግራቸው ተሻግረው የቀሩ ሽማግሌ። ኑሩ ቀልደኛ ነበር። በአማርኛ ጀምሮ በዐረቢ ይጨርሳል።

«የአንተ ስንት ጣት ነው?» አለኝ በመጀመሪያው ቀን።

«ስምንት።»

«ታሃላህ ኪስ ውስጥ ይገባል በለኛ! የእኔ አሥር ነው ያ አኪ!»

ታሃል ማለት ጣፊያ ነው፣ ያ አኪ ማለት ወንድሜ። በሕይወቴ ሰው ያሸነፈኝ በዚያ ብቻ ነው። ጋሽ ሰይድ «ሁለት ደደብ አንድ ላይ አስተኙብኝ» ይሉና አፋቸውን በጥምጣማቸው ሸፍነው ይስቃሉ።

በዘጠነኛው ቀን ኑሩ ደማ። ከአፍንጫው ነው የጀመረው። ጥጥ አደረጉ። አልቆመም። ደም አመጡለት። አልበቃም። እኔ በክንድ ርቀት ነበርኩ። እጄን ዘረጋሁ። ያዘኝ። ጨበጠኝ። ከዚያ አልጨበጠኝም።

ጋሽ ሰይድ ዓይኑን ከደኑለት። ነጠላ ጫማውን ከአልጋው ሥር አውጥተው በእጃቸው ያዙት። ቆሙ። ብዙ ቆሙ።

ከዚያ በኋላ ቀልድ ጠፋብኝ። እሱ ብቻ ሳይሆን ምላሴም ጠፋ። መርፌውን ጨረስኩ፣ ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ ጣፊያዬ ወደ አራት ጣት ወረደ፣ ዶክተሯ ደስ አላት። እኔ ግን ምግብ ሳይ የኑሩ ጥጥ ይመጣብኛል። ስተኛ እጄ ባዶ ነው። «መድኃኒቱ ሥራውን ጨርሷል» አለችኝ። «የቀረው የሰውነትህ ሥራ ነው። ወራት ይፈጃል። ካልበላህና ካላረፍክ ግን አይሆንም። ትኩሳት ከተመለሰ በሽታው ተመለሰ ማለት ነው፣ ሳትውል ሳታድር ና።»

የት ነው የማርፈው? የመተማ መንገድ ሰላም አልነበረም። ካምቦው የለም፣ ወቅቱ አልፏል። ጋሽ ሰይድ የኑሩን ነጠላ ጫማ ፊቴ አስቀመጡና «አድርገው። እንሂድ» አሉኝ።

መፋዛ ራሃድ ወንዝ ዳር ናት። ሰምቼ ስለነበር ትልቅ ውሃ ጠብቄ ነበር። መጋቢት ነውና ወንዙ ደርቋል። ሰፊ አሸዋ፣ አልፎ አልፎ ኩሬ፣ በሁለቱም ዳር ግራር። ግራሩን ሳይ ዞር ብዬ አልፋለሁ። የሰነጠቀ መሬት ሳይ ዘልዬ እርቃለሁ። ጎጆ ገብቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ስድስት ቀን አልወጣሁም። ያንን እዚህ የምጽፈው ወድጄ አይደለም፤ አንድ ሰው ከመርፌው በኋላ እንደዚያ ከሆነ ያበደ እንዳይመስለው ነው። መንቀጥቀጥ ነበር። ልብ እንደ ወፍጮ። ትኩሳት መጣ እያልኩ ግንባሬን በቀን ሃምሳ ጊዜ እነካለሁ። ጣፊያዬን እለካለሁ። አራት ጣት። እንደገና እለካለሁ። አራት። ምንም ማድረግ አልችልም።

ጋሽ ሰይድ አልመከሩኝም፣ አልገሠጹኝም። በሰባተኛው ጧት፣ ፀሐይ በደንብ ከወጣች በኋላ፣ በሩ ላይ ቆሙ።

«የኑሩ መደብ ላይ ሐብሐብ አለ። ፍየል ሊጨርሰው ነው። እኔ ጉልበቴ አያደርሰኝም።»

«እኔም ጉልበት የለኝም ጋሽ ሰይድ።»

«ሥራ አላዘዝኩህም። ተቀመጥና ታይ። ፍየል ሰው ካየ ይበቃዋል።»

«ዝንቧስ?»

«ዶክተሯ ከመሸ ነው አላለችህም? እኔም ሰምቻለሁ። ፀሐይ ሳይዘቀዝቅ እመልስሃለሁ።»

እዚያ አገር ወንዙ ሲደርቅ ሰው ውሃው በሚሄድበት አሸዋ ላይ ይዘራል። አሸዋውን ቆፈር ቢያደርጉት ከሥር እርጥብ ነው፤ ሐብሐብ፣ ዱባ፣ ባሚያ ይበቅልበታል። እንግዲህ እኔ፣ በአጨዳ የሚቀድመኝ ያልነበረው ሰው፣ አሸዋ ላይ ተቀምጬ የፍየል ማስፈራሪያ ሆንኩ። በመጀመሪያው ቀን የተቀመጥኩት ከግራሩ ጥላ ርቄ፣ ሜዳው መሃል፣ ጋቢ ተከናንቤ ነው። ፍየሎቹ መጡ፣ አዩኝ፣ ሄዱ። እውነትም ይበቃቸዋል።

ከሐብሐቡ ፊት ለፊት አንድ ኩሬ አለ። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነች ወፍ አየር ላይ አንድ ቦታ ቆማ ክንፏን ታርገበግብና እንደ ድንጋይ ውሃው ውስጥ ትወድቃለች። ባዶ አፏን ትወጣለች። እንደገና ትቆማለች፣ እንደገና ትወድቃለች። ቆጠርኩላት። ዘጠኝ ጊዜ ሳተች። በአሥረኛው ዓሣ ይዛ ወጣች። ያለ አጎበር። ዘጠኝ ጊዜ ስትስት ግንባሬን እንዳልነካሁ የገባኝ ወደ ቤት ስመለስ ነው።

በማግስቱም ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ጧት ላይ አሸዋው ገና ሳይሞቅ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ቀበርኩበት፣ ከሥር ቀዝቃዛ ነው፣ ቅዝቃዜው ግን እንደ በሽታው ብርድ አይደለም፣ ቀስ ብሎ በጉልበት በኩል ወደ ላይ ይወጣል፣ ልብ ዘንድ ሲደርስ ልብ ቀስ ይላል። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ሐኪም ይግለጸው። እዚያው ጋደም አልኩና እንቅልፍ ወሰደኝ። ከኑሩ ወዲህ ሳልባንን የተኛሁት የመጀመሪያ እንቅልፍ ነው። ስነቃ ጋሽ ሰይድ ከራስጌዬ በኩል ተቀምጠው በጥምጣማቸው ጥላ ሠርተውልኛል። ሐብሐብ ሰብረው ሰጡኝ። በላሁ። ሙሉውን ቁራጭ። ጭማቂው በአገጬ እየወረደ። እሳቸው ዘወር ብለው ኩሬውን ያዩ ነበር። ሁለታችንም ስለ ኑሩ አላወራንም፣ ግን ሦስታችን የተቀመጥን ያህል ነበር።

እንደዚያ ሆኖ ሚያዝያ አለፈ። ጣፊያዬ ሦስት ጣት ሆነ። ቀበቶዬን አንድ ቀዳዳ መለስኩ። ዳንኩ ብዬ ልፎክር ስል ግንቦት ላይ ከንፈሬ ዙሪያ ሽፍታ ወጣ። ትንንሽ፣ ፈዘዝ ያለ። በሳምንቱ ጉንጬን ያዘ። በሁለተኛው ግንባሬን።

ተመለሰ አልኩ።

ጋሽ ሰይድ ፊቴን እያዩ ቆሙ። አቋቋማቸው ከኑሩ አልጋ አጠገብ እንደቆሙት ነበር። በሎሪ ገዳሪፍ ሄድን። ዶክተሯ ሆዴን ለካች፣ ፊቴን በባትሪ አየች፣ ደም ወሰደች።

«በሽታው አልተመለሰም። ፖስት ካላዛር ደርማል ሌይሽማኒያሲስ ይባላል፣ ፒኬዲኤል እንለዋለን። ከካላዛር በኋላ ብዙ ሰው ላይ ይወጣል።»

«መድኃኒቱስ?»

«አብዛኛው በራሱ ይጠፋል። ወራት ይወስዳል። ካልጠፋ ወይም ከባሰ እናክማለን። አሁን መጠበቅ ነው።»

«መጠበቅ መድኃኒት ነው?»

«አዎ። ከባዱ እሱ ነው። አንድ ነገር ግን አለ። የበሽታው ተሕዋስ አሁን ቆዳህ ውስጥ ነው ያለው። ዝንቧ ፊትህን ነክሳ ሌላ ሰው ከነከሰች ካላዛር ታስይዘዋለች። ያለ አጎበር እንዳትተኛ።»

«ማንን ታስይዛለች?»

«አጠገብህ የሚተኛውን።»

አጠገቤ የሚተኙት ጋሽ ሰይድ ናቸው። ወንድማቸውን የቀበሩ ሰው። ዞር ብዬ ማየት አቃተኝ።

ያን ቀን አጎበር ይዤ ተመለስኩ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም በእጄ ወጠርኩት። አራት እንጨት። ሙላት እንዳደረገው። በየጎኑ ከምንጣፉ ሥር ወተፍኩት። ስለ ራሴ ሕይወት አንድም ቀን ያላሰርኩትን ገመድ ስለ ሌላ ሰው ሁለቴ አሰርኩት።

ከዚያ ጠበቅሁ። መስታወት ተውኩ። ገበያ መውጣት ተውኩ፣ ሰው ፊቴን አይቶ ልጁን ወደ ራሱ ይስባል። ወንዙ ግን ፊት አያይም። ጧት ጧት እየሄድኩ እቀመጣለሁ፣ አንዳንድ ቀን ይሻለኛል፣ አንዳንድ ቀን ሽፍታው በዝቶ ሳየው ወፏም አሸዋውም ምንም አያደርጉልኝም፣ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። እውነቱ ይሄ ነው። ወንዝ ዳር መቀመጥ አልቅሰህ ስትጨርስ የምታየው ነገር ይሰጥሃል፣ ግድግዳ ያንን አይሰጥም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ጋሽ ሰይድ አሸዋውን በእጃቸው ቆፍረው ውሃው ወደ ላይ መቅረቡን አዩና «የቀረውን ሐብሐብ አውጣ። እንግዳ እየመጣ ነው» አሉኝ። እኔም አወጣሁ፣ ብቻዬን፣ ሁለት ሁለት እየተሸከምኩ፣ ልብ በሉልኝ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዳር ላይ ቆመን ሳለ መጣ። እኔ የጎርፍ ጩኸት ጠብቄ ነበር። ምላስ የሚያክል አረፋ ነው መጀመሪያ የመጣው፣ ጭራሮና ገለባ ከፊቱ እየገፋ፣ አሸዋውን እየላሰ፣ ኩሬ ከኩሬ እያገናኘ። ቀይ ነው። ዝቅ ብዬ አሸተትኩት። የሽንፋ አፈር ነው! ውሃችን እኮ ነው፣ እኛ ዘንድ ሽንፋ እንለዋለን፣ ወርዶ ወርዶ ራሃድ ውስጥ ይገባል። እኔ ያልቻልኩትን መንገድ መጥቷል።

ጋሽ ሰይድ «ኑሩ በየዓመቱ እዚህ ቆሞ ነበር የሚቀበለው» አሉ።

ምን ልበላቸው? አፌ ራሱ ተናገረ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይሄ ውሃ ያለ ወረቀት ነው የተሻገረ። ወታደር ሳያየው እንደብቀው።»

አዩኝ። በጥምጣማቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እያለቀሱ ነው ብዬ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነው። ሁለቱም ነበር መሰለኝ።

ጥቅምት ላይ ዶክተሯ ሆዴን ተጭና ፈለገች። እንደገና ተጭና ፈለገች። «የለም» አለች። ጣፊያዬን አጣችው! ሽፍታውም ከአገጬ ሥር ጥቂት ምልክት ትቶ ሄዷል። አሁንም በየጊዜው እየታየሁ ነው።

እንግዲህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ወንዝ ካላዛር አያድንም። መርፌው ነው ያዳነኝ፣ ማንም ሌላ ቢልህ አትስማው። ትኩሳት ሁለት ሳምንት ካለፈህና ሆድህ በግራ ካበጠ ሐኪም ጋ ሂድ፣ ማጭድ አታስግል። መርፌህን አታቋርጥ። የምታስታምም ከሆንክ ደግሞ፣ ሰውዬው ከመርፌው በኋላ ግድግዳ ካየ፣ አትለፍልፍበት። ፀሐይ ስትወጣ አውጣው። ውሃ ካለ ውሃ ዳር፣ ከሌለ የለመለመ ነገር ፊት አስቀምጠው። የሚጠብቀው ነገር ስጠው፣ ሐብሐብም ቢሆን። ፀሐይ ሳይዘቀዝቅ መልሰው።

ዶክተሯን እግዜር ይስጥልኝ። ጋሽ ሰይድ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። ኑሩ፣ ጫማህ አልቋል፣ መደብህ ግን ዘንድሮም ተዘርቷል።

ሙላት ለዘንድሮው ሰሊጥ ሲሻገር መጀመሪያ መፋዛ መጣ። መሸትሸት ብሎ ነበር፣ እኔ አጎበሬ ውስጥ ገብቻለሁ። ድምፁን ከውጭ ሰማሁት፤ ይሄን ቀን አንድ ዓመት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ድምፅ ነው።

«ቤቶች! ሙሽሪት አለች?»

«አለች» አልኩት። «መጋረጃዋን ሳትገልጥ እዚያው ሆነህ አውራ፣ ዝንብ ታስገባባታለህ።»